«እናቷን ካደች» የሚለው ፍርድ ከማን የመጣ ነው? ነጭ መስሎ ስለ ማለፍ የተሠሩ የድሮ ፊልሞች

ጠያቂ፦ የቅዳሜ ተመልካች

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ዳግላስ ሰርክ በ1959 ያዘጋጀውን «ኢሚቴሽን ኦፍ ላይፍ» ከእናቴ ጋር ተቀምጬ አየሁ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ ንግግሩን እየተረጎምኩላት ነበር፤ ፊልሙ ሲጋመስ ግን «ተወው፣ ገብቶኛል» አለችኝ።

ላላዩት ባጭሩ ልንገራችሁ። ላና ተርነር የምትጫወታት ሎራ ሜሬዲት ባሏ የሞተባት፣ በመድረክ ትወና ስም ለማግኘት የምትጥር ነጭ ሴት ናት። አኒ ጆንሰን ደግሞ ማረፊያ አጥታ ከትንሽ ልጇ ጋር እርሷ ቤት የተጠጋች፣ ከዚያም ቤቱን እየመራች ሁለቱንም ልጆች የምታሳድግ ጥቁር ሴት ናት። የአኒ ልጅ ሳራ ጄን መልኳ እጅግ ከመቅላቱ የተነሣ ያያት ሁሉ ነጭ ናት ብሎ ያልፋል፤ እርሷም ይህንኑ ተጠቅማ («ነጭ መስሎ ማለፍ» የሚባለው ይህ ነው) ከእናቷ ትሸሻለች፣ ስሟን ትለውጣለች፣ በምሽት ክበብ ዳንኪራ ትሠራለች። እናትየዋ በሐዘን ተቆራምዳ ትሞታለች፤ ልጅቱም ቀብሩ ላይ ደርሳ የሬሳ ሣጥኑን አቅፋ ትጮኻለች።

እናቴ አለቀሰች። እንባዋን ከጠረገች በኋላም «እናቷን የካደች ልጅ፣ የእጇን አገኘች» ብላ ፈረደች። እኔ ግን እስካሁን ፍርዱ አልዋጥልህ ብሎኛል። በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ ጥቁር ሆኖ መወለድ በሥራ፣ በትምህርት ቤት፣ በመኖሪያ ሰፈርና በጋብቻ ላይ አጥር የሚያስከትል ከነበረ፣ ከአጥሩ ሾልካ የወጣች ልጅ ጥፋቷ ምንድን ነው? ፊልሙ የሚከሰው አጥሩን ነው ወይስ ልጅቱን?

ሁለተኛም ጥያቄ አለኝ። ሳራ ጄንን የተጫወተችው ሱዛን ኮህነር ጥቁር አይደለችም። ይኸው ታሪክ ቀድሞ በ1934 ሲሠራ ግን የልጅቱን ቦታ የያዘችው ፍሬዲ ዋሽንግተን ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ከ25 ዓመት በኋላ ነገሩ ወደ ኋላ የተመለሰው በምን ምክንያት ይሆን? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ጥቁርና ነጭ ስክሪን

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብጀምር የመጀመሪያውም ይፈታ ይመስለኛል። የሆሊዉድ ስቱዲዮዎች በ1930 ለራሳቸው ያጸደቁትና ከ1934 አጋማሽ ጀምሮ የፊልም ጽሑፎችን አስቀድሞ በሚመረምረው በጆሴፍ ብሪን ቢሮ በጥብቅ የተተገበረ የሥነ ምግባር ደንብ ነበር። ከክልከላዎቹ አንዱ በነጭና በጥቁር መካከል የሚደረግን የፍቅርና የሥጋ ግንኙነት ማሳየት ነው። የመጀመሪያው፣ የጆን ስታል «ኢሚቴሽን ኦፍ ላይፍ» የተሠራው ልክ ደንቡ ጥርስ ባወጣበት ዓመት ነበርና የብሪን ቢሮ ሥራውን ገና ከጽሑፉ ጀምሮ ተጨነቀበት። የጭንቀቱ ምክንያት ልጅቱ የምታደርገው ነገር ብቻ አልነበረም፤ መልኳ ራሱ ምስክር ሆኖ ነው። ነጭ የምትመስል ጥቁር ልጅ ካለች፣ ከበስተጀርባዋ ማንም ሊያየው የማይፈቀድ የነጭና የጥቁር ግንኙነት አለ ማለት ነው። ስለዚህ በሁለቱም ፊልሞች እናትየዋ የልጇ አባት እጅግ የቀላ ጥቁር እንደ ነበረ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ታልፋለች። ያቺ ዓረፍተ ነገር ለእኛ ተራ ወሬ ትመስላለች፤ ሥራዋ ግን ነጭ አያት ወይም ቅድመ አያት እንዳይፈለግ በሩን መዝጋት ነው። በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ነጭ ሴት ተዳፈረ የተባለ ጥቁር ወጣት በደቦ ሊሰቀል ሲል የሚያሳይ ትዕይንት ነበር፤ በቢሮው ተቃውሞ ምክንያት ወጣ። ሕግና ገመድ ከታሪኩ ሲወጡ ምን ቀረ? እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ። የእርስዎ እናት ያዩትም ይህንኑ የቀረውን ነው።

ፍሬዲ ዋሽንግተንን በተመለከተ፣ ሕይወቷ ከፊልሙ ይልቅ አስደናቂ ነው። በ1903 በጆርጂያ ግዛት ሳቫና ተወለደች፤ ዓይኖቿ ወደ አረንጓዴ የሚያደሉ ነበሩ። በ1933 ከጥቁሩ ተዋናይ ከፖል ሮብሰን ጋር «ዘ ኤምፐረር ጆንስ» ላይ ስትሠራ፣ ተመልካቹ ሮብሰን ነጭ ሴት አቀፈ ብሎ እንዳይቆጣ ፊቷን ጥቁር ቀለም ቀብተው ትዕይንቶቹን እንደገና ቀረጹ። በዓመቱ ደግሞ ነጭ ለመምሰል የምትሻውን ፒዮላን ተጫወተች። ብዙ ተመልካች ገጸ ባሕርይዋንና ሴትዮዋን አንድ አድርጎ ወቀሳት፤ እርሷ ግን ነጭ ነኝ ብትል የሚከፈትላትን በር እያወቀች በግልጽ እምቢ ያለች ሰው ነበረች። በ1937 የጥቁር ተዋንያንን ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ ናት፤ በኋላም በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ይታተም በነበረ ጋዜጣ ላይ ስለ ቴአትር ትጽፍ ነበር። ሆሊዉድ ግን ቦታ አጣላት፦ ለገረድነት ትቀላለች፣ ለእመቤትነት ጥቁር ናት። ካሜራ ፊት የቆየችው ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

በ1949 ኢሊያ ካዛን «ፒንኪ»ን ሲያዘጋጅ፣ ነጭ መስላ በሰሜን ነርስነት ተምራ ወደ ደቡብ የምትመለሰውን ልጅ የተጫወተችው ነጯ ጂን ክሬን ነበረች። ፒንኪ ነጭ ሐኪም ትወዳለች፣ ትሳሳማለችም፤ በጥቁር ተዋናይት ቢሆን ኖሮ ደንቡም የደቡብ ሲኒማ ቤቶችም አይታገሡትም ነበር። የነጭና የጥቁር ክልከላው ግን በ1956 ከደንቡ ወጥቷል፤ የሰርክ ፊልም ከዚያ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ነው የመጣው። ስለዚህ ለሱዛን ኮህነር መመረጥ ደንቡን ሰበብ ማድረግ አይቻልም፤ ልማድና የገበያ ስሌት ነው። በእኔ አስተያየት የዚህ ምርጫ ትልቁ ጉዳት እንጀራዋን ያጣችው ጥቁር ተዋናይት ጉዳት ብቻ አይደለም። በ«ፒንኪ» ውስጥ ሁለት ፖሊሶች ልጅቱን በአክብሮት ሲያናግሯት ቆይተው ጥቁር መሆኗን ሲሰሙ አያያዛቸውን በቅጽበት ይለውጣሉ። ትዕይንቱ ግሩም ነው። ነገር ግን ተመልካቹ ጂን ክሬንን ያውቃታልና የሚቆጣው ጥቁር ሴት በመዋረዷ ሳይሆን ነጭ ሴት እንደ ጥቁር በመዋረዷ ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ይህን ጥርጣሬ የሚያነሣበት ምንም መንገድ የለውም።

መልስ፦ እናት ከአሌክሳንድሪያ

ልጄ፣ በእናትህ ፍርድ ላይ አትቸኩል፤ በራስህም ፍርድ ላይ እንዲሁ። እኔ ወደዚህ ወደ አሜሪካ እንደ መጣሁ ለዓመታት የሌላ ሰው ልጆች አሳድጌአለሁ፤ ይህንንም ፊልም ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው እንደ እናትህ ለአኒ አለቀስኩ። በሁለተኛው ለልጅቱ። በሦስተኛው ግን ዓይኔ ሎራ ላይ አረፈ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

አንድ ቦታ አለ፤ አኒ ስለ ቀብሯ እያወራች ይመጣሉ ስለምትላቸው ብዙ ወዳጆቿ ስታነሣ፣ ሎራ ይህን ያህል ወዳጅ እንዳለሽ አላውቅም ነበር ትላታለች። አኒም በትሕትና፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ ጠይቀሽኝ አታውቂም ብላ ትመልሳለች። ከአሥር ዓመት በላይ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል! ሎራ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቸር ናት፣ ታቅፋለች፣ ትስማለች። የአኒን ቤተ ክርስቲያንና ማኅበሯን ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ ማሃሊያ ጃክሰን ስትዘምር፣ መንገዱን የሞላውን ሕዝብ ስታዪ... ይቅርታ፣ ስታይ፣ ያ ሁሉ ሰው ያንን ሁሉ ዓመት የት ነበር? የፊልሙ ካሜራ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሎራን ተከትሎ ስለ ዞረ እኛም አላየናቸውም።

የ1934ቱን ብታየው ነገሩ ከዚህ የባሰ ግልጽ ነው። እዚያ እናትየዋ ደሊላ ትባላለች፤ ሀብቱ የመጣው በእርሷ የፓንኬክ አሠራር ነው፤ ፊቷም የዱቄቱ ካርቶን ላይ ታትሟል። ከትርፉ 20 በመቶ ሊሰጧት ሲሉ የራሷን ቤት አልፈልግም፣ ከእናንተ ጋር ልኑር ብላ ትለምናለች። ማታ ሲለያዩ ነጯ ሴት ደረጃውን ወደ ላይ ትወጣለች፣ ደሊላ ወደ ታች ትወርዳለች። ታዲያ ያቺ ፒዮላ እናቷን አይታ ምን ልትማር ነበር? የእናቷን ልብ ነው የጠላችው ወይስ ወደ ታች የሚወርደውን ደረጃ?

ስለ ቀለም ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እኛ ከአንድ ማሕፀን የወጡትን አንዱን ቀይ፣ አንዱን ጠይም፣ አንዱን ጥቁር ስንል ስለምናድግ፣ ሳራ ጄን በእኛ ዓይን «ቀይ ልጅ» ናት እንጂ ሌላ ሕዝብ አይደለችም። ቀለም እኛም ዘንድ ሰው ማሳነሻ ሆኖ እንደሚነገር አልክድም፤ ብንክድም ውሸት ነው። እዚህ እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያ ግን በ1924 የወጣው ሕግ ነጭ ያልሆነ አንዲት የደም ጠብታ ያለበትን ሰው ከነጭነት አውጥቶ፣ ከነጭ ጋር እንዳይጋባ ከልክሏል። (የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ልጅ የነበረችው የፖካሆንታስ ዘር ነን ለሚሉት ትላልቅ ቤተሰቦች ግን ትንሽ የዚያ ሕዝብ ደም ተፈቅዶላቸዋል፤ ሕግ አውጪ ለራሱ መስኮት አይረሳም።) ያ ሕግ የወደቀው በ1967 ነው፤ እኔ በልጅነቴ እዚያ አገር ቤት «ቀይ» እና «ጠይም» እየተባልኩ ስጫወት ማለት ነው።

መልስ፦ የሕግ አንባቢ

የእናታችን «ጠይቀሽኝ አታውቂም» የምትለው ነጥብ ሌላ ፊልም አስታወሰችኝ። በ1949፣ «ፒንኪ» በወጣበት ዓመት፣ «ሎስት ባውንደሪስ» የተባለ ፊልም ወጥቶ ነበር፤ መሠረቱም እውነተኛ ታሪክ ነው። ዶክተር አልበርት ጆንስተን ሕክምና ተምሮ ሲጨርስ ጥቁር ሐኪም ለልምምድ የሚቀበል ሆስፒታል አጣ፤ በሜይን ግዛት ያለ አንድ ሆስፒታል ግን ዘሩን ሳይጠይቅ ተቀበለው። እርሱም አልተናገረም። ከዚያ በኒው ሃምፕሸር ትናንሽ ከተሞች ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር እንደ ነጭ ኖረ፤ ልጆቹ ራሳቸው አያውቁም ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በባሕር ኃይል ሊያገለግል አመለከተ፣ ባሕር ኃይሉ ዘሩን ጠየቀና መለሰው፤ ምስጢሩም ለልጆቹ ወጣ። እንግዲህ ነጭ መስሎ ማለፍ ሁልጊዜ የውሸት ንግግር አይደለም። አንዳንዴ ያልተጠየቁትን አለመመለስ ብቻ ነው።

ለጠያቂው የመጀመሪያ ጥያቄ የተሻለውን መልስ የሚሰጡን ግን ሳንሱሮቹ ይመስሉኛል። በደቡብ ያለችው የአትላንታ ከተማ ሳንሱር «ሎስት ባውንደሪስ»ን ከለከለ፣ «ፒንኪ» ግን ጥቂት ተቆርጦለት እዚያው ከተማ ታየ። ሁለቱም ነጭ መስለው ስላለፉ ሰዎች ናቸው፤ በሁለቱም ነጭ መስለው የሚያልፉትን ዋና ገጸ ባሕርያት የተጫወቱት ነጮች ናቸው። ልዩነቱን መጨረሻቸው ላይ ታገኙታላችሁ። ፒንኪ ነጩን እጮኛዋን ትታ፣ በውርስ ባገኘችው ቤት ለጥቁሮች ክሊኒክና መዋዕለ ሕፃናት ከፍታ በጥቁሮች መካከል ትቀራለች፤ መለያው አጥር አልተነካም። የሐኪሙ ቤተሰብ ግን ዘሩ ከታወቀ በኋላም በነጮቹ ከተማ ይቀመጣል፣ የከተማውም ቤተ ክርስቲያን ይቀበለዋል። ሳንሱሩን ያስቆጣው ማለፉ ራሱ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን፤ ያለፈው ሰው ሳይቀጣ መቅረቱ ነው። በዚህ ሚዛን ስናየው ሳራ ጄን በመጨረሻ የምታፈሰው እንባ ለሲኒማ ቤቱ የተከፈለ ግብር ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

«ፒንኪ»ም ቢሆን በሁሉም ቦታ አልቀናውም። በቴክሳስ ማርሻል ከተማ የከተማው ሳንሱር ሳይፈቅድ ያሳየው የሲኒማ ቤት ኃላፊ 200 ዶላር ተቀጣ፤ ይግባኙ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1952 ቅጣቱ ተሻረ። ፊልም የመናገር ነጻነት ጥበቃ እንደሚገባው ፍርድ ቤቱ በሌላ መዝገብ ከወሰነ ገና አንድ ሳምንቱ ነበር።

መልስ፦ አንድ አንባቢ

ከላይ «ጥቁርና ነጭ ስክሪን» በጻፉት አብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ሱዛን ኮህነርን «ነጭ» ብሎ ማለፍ ራሱ የዚያን ዘመን ሚዛን መቀበል ይሆናል። አባቷ ከቦሄሚያ የመጡ አይሁዳዊ፣ እናቷ ሉፒታ ቶቫር ሜክሲኳዊት ተዋናይት ናቸው። ጥቁር አይደለችም፤ ይህ እውነት ነው። ለዚህ ሥራ እርሷም፣ አኒን የተጫወተችው ዋኒታ ሙርም በአንድ ዓመት በአንድ ዘርፍ ለኦስካር ታጭተዋል። እኔን የሚገርመኝ አንድ ትዕይንት አለ፤ ሳራ ጄን ለሎራ እንግዶች ምግቡን በትሪ ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ፣ የባሪያ ዘመን ገረድ አነጋገር እያስመሰለች ትገባለች። ሎራ ትቆጣለች፣ አኒ ታፍራለች። ልጅቱ ግን ያደረገችው ሆሊዉድ ጥቁር ሴቶችን ለ30 ዓመት ሲያስደርጋቸው የኖረውን ነው። ሰርክ ይህን ያወቀበት ይመስለኛል።

ደግሞ ተቃራኒውን አትርሱ። የጥቁሯን ቦታ ለነጭ ሲሰጥ የኖረው ያው ሆሊዉድ፣ በ1935 ፊልሟ ለምርጥ ተዋናይት ኦስካር የታጨችውን መርል ኦበሮንን ነጭ አድርጎ ይሸጣት ነበር። ሕንድ ውስጥ ቦምቤይ ከእስያዊ ዘር ካላት ቤተሰብ ተወልዳ ሳለ የአውስትራሊያዋ የታዝማኒያ ልጅ ናት ይባል ነበር፤ እውነቱ በሰፊው የተነገረው ከሞተች በኋላ ነው። በፊልም ውስጥ ያለፈችው ልጅ ትቀጣለች፣ በፊልም ሠሪዎቹ መንደር ያለፈችው ደግሞ ትሸለማለች። የሙዚቃ ፊልሙ «ሾው ቦት» በ1951 እንደገና ሲሠራ ጁሊ የምትባለዋን ክልስ ዘፋኝ መጫወት ጥቁር አሜሪካዊቷ ሊና ሆርን ትመኝ ነበር፤ በሌላ ፊልም ውስጥ በጁሊነት ዘፍናም ታይታለች። ቦታው የተሰጠው ግን ለነጯ ኤቫ ጋርድነር ነው።

መልስ፦ ከደብሊን

አጭር ጭማሪ። ይህ ጉዳይ በ2021 ሬቤካ ሆል የኔላ ላርሰንን የ1929 ልብ ወለድ «ፓሲንግ»ን ወደ ፊልም ስትለውጥ እንደገና ተነሥቷል። ነጭ መስላ ዘረኛ ባል ያገባችውን ክሌርን የተጫወተችው አዲስ አበባ የተወለደችው፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ እናቷ አየርላንዳዊት የሆነችው ሩት ነጋ ናት። ይህችው ተዋናይት በ2016 «ላቪንግ» ላይ፣ እናታችን የጠቀሱትን የቨርጂኒያ ሕግ በፍርድ ቤት ካስጣሉት ባልና ሚስት ሚስትየዋን ተጫውታ ለኦስካር ታጭታ ነበር። የሆል አያት ራሳቸው ነጭ መስለው የኖሩ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ስለሆነ የማን ቆዳ ምን እንደሚመስል እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ክሌርም በመጥፋቷ አትጸጸትም። የናፈቃት የራሷ ሰዎች ሳቅ ነው፤ ወደ ሃርለም የሚመልሳትም ይኸው ነው።

ጠያቂ፦ የቅዳሜ ተመልካች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ከአሌክሳንድሪያ የጻፉልኝን እናት። ስለ አትላንታው ሳንሱር የተጻፈውን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ትንሽ ዝም አለችና ያንን የሆቴል ክፍል አነሣችብኝ፤ አኒ ታምማ ልጇን ልትሰናበት ስትመጣ፣ ከሳራ ጄን ጋር የምትኖረው ነጭ ልጅ በድንገት ስትገባ፣ እናትየዋ ራሷ ቀድማ «ቀድሞ ያሳደግኋት ሞግዚት ነኝ» ብላ የዋሸችበትን። «እዚያ ላይ የካደችው ልጅቱ አይደለችም፤ እናቷ ናት ስለ ልጇ ብላ ራሷን የካደችው» አለች። ከዚያም ቀብሩ ላይ ያለውን መጨረሻ እንድመልስላት ጠየቀችኝ። ሎራ ሳራ ጄንን ከሣጥኑ ላይ አንሥታ ወደ መኪናው ታስገባታለች፣ ከራሷ ልጅና ከወዳጇ ጋር አስቀምጣ ትደግፋታለች፤ መኪናውም ይሄዳል። እናቴ ጣቷን ወደ ስክሪኑ ቀስራ «በማን መኪና እየሄደች እንደሆነ አይተሃል?» አለችኝ። «ሄዳ ሄዳ የፈለገችው ቤት ገባች እኮ። እናቷ ስትሞት ነው የተፈቀደላት።»